የተጠመቀ አይሰምጥም

እህቴ ሜቲ ዋና እንደምትችል ማንም ነግሮኝ አያውቅም። መንገርም አያስፈልግም ነበር፤ ስትጠመቅ በዓይኔ አይቻታለሁ።

ጥር ወር ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ወንዶች ከከተማችን ከባምባሲ ዝቅ ብሎ የሚወርደውን ወንዝ በድንጋይና አሸዋ በተሞላ ማዳበሪያ ገድበው ኩሬ ሠርተዋል። ፓስተር በቃሉ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው መሃሉ ላይ ቆመዋል። ቁመታቸው የስልክ እንጨት ያህል ስለነበር ውሃው ከወገባቸው አላለፈም። ሜቲ ሰባተኛዋ ተጠማቂ ነበረች፤ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ፓስተሩ አፍንጫዋን በመሐረብ ይዘው ወደ ኋላ አስተኟት። ስትወጣ እጆቿን እያወናጨፈች፣ እያለቀሰችና እያሳላት ነበር፤ ከፓስተሩ ሸሚዝ ላይ ከአንገቱ ጀምራ ሁለት ቁልፍ በጠሰች። ዳር የቆሙት እናቶች እልልታውን አቀለጡት። የሽማግሌዎች ሰብሳቢ አቶ ጅረኛ ዕንባቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ፣ «መንፈስ ነው! ሃሌ ሉያ፣ መንፈስ ነው!» አሉ። በቀጣዮቹ ሦስት እሑዶች በዚህ ነገር ላይ ምስክርነት ተሰጠ።

እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ስለ መንፈስ ብዙም አላውቅም፤ ስለ ወንዝ ግን አውቃለሁ። አንድ ሰው ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ ጠፍቶ፣ ተመልሶ ከወጣና ሰው ሁሉ እልል ካለለት፣ ዋና ችሏል ማለት ነው። ጥምቀት ትልልቅ ሰዎች ዋና መቻላቸውን በሕዝብ ፊት የሚያሳዩበት ፈተና መሰለኝ። ትንንሽ ልጆች የማይጠመቁትም ስለሚሰምጡ ነው አልኩ። የልጅ ነገር ነው ብላችሁ እንዳትስቁብኝ፤ ጢም ያላቸው ሰዎችም ይህንኑ ያምኑ እንደነበር ቆይቼ አሳያችኋለሁ።

አባቴ ሁንዴሳ የወረዳ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። በዚያ ዘመን መሥሪያ ቤት ሁሉ ግምገማ ላይ ነው። ሌላው ሠራተኛ ግምገማ ሲመጣ ሆዱን ያመዋል፤ አባ ግን ነገሩን ከመውደዱ ብዛት ቤት ይዞት መጣ። ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ እንደተነሳ ባለ ጥቁር ሽፋን ደብተሩን ይገልጣል፤ እናቴ ብሪቱ፣ ሜቲና እኔ ዙሪያውን እንቀመጣለን። ቤታችን ውስጥ የምንበላው በኦሮምኛ፣ የምንጸልየው በኦሮምኛ፣ የምንገረፈውም በኦሮምኛ ነበር። ስብሰባ ግን በአማርኛ ነው፤ አባ በሌላ ቋንቋ የተደረገ ስብሰባ የሚጸና አይመስለውም። የእማ አማርኛ ደግሞ የገበያ አማርኛ ነው። ሽንኩርት ለመሸጥ ይበቃል፤ አባን ለመቃወም አይበቃም።

አጀንዳዎቻችን ከባድ ነበሩ። «የዶሮዎች አያያዝ»፣ «የቶሌራ ጥፍር»፣ «የጎረቤት ፍየል ጣልቃ ገብነት»። ቶሌራ እኔ ነኝ። እያንዳንዳችን ጠንካራ ጎንና ደካማ ጎን ነበረን። የአባ ደካማ ጎን አንድ ጊዜ ብቻ ተመዝግቧል፤ «ከመጠን በላይ ለሥራ ማሰብ» ይላል፤ ያቀረበውም ራሱ ነው።

ሐምሌ ሲገባ አዲስ አጀንዳ መጣ፤ የቶሌራ ወንዝ መውረድ። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ፀጉሬ እርጥብ ሆኖ ተይዣለሁ። ሦስት ጊዜም ተገርፌያለሁ፤ ለውጥ አልመጣም።

«ችግሩን በመከልከል ሳይሆን በመምራት ነው የምንፈታው» አለ አባ። «ልጁ ይወርዳል። ግን ኃላፊ ይመደብለታል። ሜቲ።»

ሜቲ ቀና አለች። በዚያን ጊዜ አሥረኛ ክፍልን ተፈትና ውጤት እየጠበቀች ነበር። ካለፈች አሥራ አንደኛ ለመማር አሶሳ መሄድ አለባት፤ አሶሳ መሄድ ማለት ደግሞ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይቶ፣ ያለ አባት ዓይን መኖር ማለት ነው። ከበዓለ ሃምሳ ጀምሮ ስትለምነው ነበር። አባም እሺ አላለ፣ እምቢም አላለ፤ «ይታያል» ብሎ አስቀምጦታል።

«ክረምቱን ሙሉ ወንድምሽን ያለ አንዳች አደጋ ከጠበቅሽ» አለ አባ፣ እስክሪብቶውን እያነሳ፣ «ብቻሽን መኖር የምትችይ የበሰልሽ ልጅ መሆንሽን አሳየሽ ማለት ነው። መስከረም ላይ አሶሳ ትሄጃለሽ። አንድ ነገር ከደረሰ ግን አሶሳን እርሺ።»

ሜቲ ፊቷ በራ። ወዲያው ደግሞ ጠቆረ፤ አፏን ከፍታ ዘጋችው። እኔን መጠበቅ የሰለቻት መስሎኝ ተቀየምኳት።

እማ ናት የጠየቀችው። ስብሰባ መሆኑን ረስታ በኦሮምኛ፣ «ለመሆኑ ልጅቷ ውሃ ትችላለች?» አለች።

አባ ሳቀ። «ምን ማለትሽ ነው ብሪቱ? ጥር ላይ ገብታ ወጥታ የለም? ያውም እዚያው ኩሬ ውስጥ! ፓስተር በቃሉ ቆመውበት ወገባቸው ላይ ነው።» እኔም ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። እማም ሳቀች፤ እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር በመጠየቋ አፈረች። የጥር ውሃና የሐምሌ ውሃ አንድ አለመሆኑን፣ ሜቲም የፓስተር በቃሉን ቁመት አለመያዟን ያነሳ የለም። «ዋና እችላለሁ» ያለ አልነበረም፤ «አልችልም» ያለም የለም። አባ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብሎ ጻፈ።

ሰኞ ወረድን። ከእኛ ሌላ ወንዙ ዳር የነበረችው ዋፋ ብቻ ናት። ዋፋ የበርታ ሴት ናት፤ በዕድሜ እናቴን ትበልጣለች። ከኩሬው ትንሽ ዝቅ ብላ፣ ቀሚሷን ወደ ላይ ሸብ አድርጋ፣ በእንጨት ገበቴ አሸዋ እያጠበች ወርቅ ትፈልጋለች። ሰላም ስንላት ሳታየን ትመልሳለች፤ ዓይኗ ገበቴው ላይ ነው።

ሜቲ የኃላፊነቷን ሥራ በሕግ ጀመረች። «ከጉልበት በላይ የለም» አለች። የእኔ ጉልበት! ዶሮ እንኳ የማይፈራው ውሃ ላይ አቁማኝ እሷ ከማንጎው ሥር ሆና አፍጥጣ ታየኛለች፤ እንደ ሌሎች እህቶች መጽሐፍ አታነብ፣ ፀጉር አትሠራ። ኩሬው በዝናብ ሞልቶ ቡናማ ሆኗል፤ የማዳበሪያው ግድብ ተውጦ አይታይም። «አንቺ ለምን አትገቢም?» ስላት «በርዶኛል» ትላለች። በፀሐይ።

አምስት ቀን ታገስኩ። በስድስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከግምገማ በኋላ፣ ጉዳዩን በልቤ መረመርኩት። መስመጥ አደጋ የሚሆነው የሚያወጣ ሰው ሲጠፋ ነው። እኔ ግን የተጠመቀች እህት አለችኝ። ብሰምጥ ምን ቸገረኝ? ከድንጋዩ ላይ ሮጬ ኩሬው መሃል ዘለልኩ። ድፍረት እንዳይመስላችሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው አምኜ አላውቅም።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። እኔን ሳያሳስቀኝ ነው የወሰደኝ። እግሬ መሬት ፈለገ፤ መሬት የለም። አፌ ሲከፈት ጭቃ ጭቃ የሚል ውሃ ገባበት፤ ጆሮዬ ውስጥ ወፍጮ ተነሳ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከዚያ ሁለት እጆች ከታች መጥተው እግሮቼን ከጉልበቴ ከፍ ብሎ ጭምድድ አድርገው ያዙኝ። የሜቲ እጆች ናቸው፤ የላስቲክ አምባሯ ቆዳዬን ሲቆነጥጠኝ አወቅኋት። ዋናተኛ እህቴ ወደ ዳር ትወስደኛለች ስል እግሬን ይዛ ቀረች! ልወራጭ ብል አትለቀኝም። ያን ጊዜ ገባኝ፤ መጠበቁ ስለሰለቻት ልታሰምጠኝ ነው።

«ሜቲ ወደ ታች እየጎተተችኝ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ሜቲ ልትገለኝ ነው! ኡኡ!» በሁለት እግሬም ረገጥኳት፤ ትከሻዋን፣ ራሷን፣ ያገኘሁትን። ዋፋ የጠዋት ሙሉ ልፋቷን ከነገበቴው ጥላ ስትሮጥ አየኋት፤ አሸዋው ሲደፋም አየሁ። ክንዴን ይዛ እንደ እርጥብ ልብስ ሣሩ ላይ ወረወረችኝ። ከዚያ ተመልሳ ገባችና ሜቲን በሹሩባዋ ይዛ እየጎተተች አወጣቻት። ሜቲ ሣሩ ላይ በደረቷ ተደፍታ ብዙ ውሃ አስመለሰች። እኔን ለማስመጥ የመጣ ሰው ለምን ያን ያህል ውሃ እንደጠጣ አልጠየቅኩም።

ሁለቱ ከእኔ ራቅ ብለው ለረጅም ጊዜ አወሩ። ዋፋ ውሃውን እያሳየች ራሷን ትነቀንቃለች፤ ሜቲ ታለቅሳለች። «ወንድምሽን ለምን ትገይዋለሽ» እያለች የምትቆጣት መሰለኝና ዋፋን ወደድኳት።

ሜቲ ተመልሳ መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል።

«ቶሌ፣ ለአባ እንዳትነግር። ከነገርክ አሶሳ የለም።»

«ሸንኮራ ትገዢልኛለሽ?»

«እገዛልሃለሁ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ» አለች። በነፍሴ ላይ የተሞከረውን ግድያ በሸንኮራ ይቅር አልኩ። በአፌም ማልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ነገሩ ሁሉ መልኩን ለወጠ። ሜቲ ከማንጎው ሥር ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ታስቀምጠኝና «ከዚህ ብትነቃነቅ ሸንኮራው ይቀራል» ብላ እሷ ወደ ዋፋ ትሄዳለች። ሸንኮራዬን እየላጥኩ አያለሁ። ዋፋ በአንድ እጇ አንገቷን፣ በሌላው ሆዷን ይዛ ውሃው ላይ ታስተኛታለች። «ቢስሚላሂ!» ትልና ትለቃታለች። ሜቲ ትጠፋለች፤ ትወጣለች። እንደገና «ቢስሚላሂ!»፤ እንደገና ትጠፋለች። ቀስ በቀስ ሜቲ መሳቅ ጀመረች። ጥር ላይ ያለቀሰችው ልጅ እዚህ ጥርሷ አልከደን አለ። ሲጨርሱ እማ እርጥብ ፀጉሯን እንዳታይባት የዋፋን ሻሽ ተከናንባ ቤት ትገባለች። «ሻሽ የሰጠችኝ ዝናቡን ፈርታልኝ ነው» ትላለች።

ማስረጃው ተሟላ። እህቴ እንደገና እየተጠመቀች ነው፤ ያውም በሌላ ሃይማኖት። ፓስተር በቃሉ የነከሯት አንድ ጊዜ ነው፤ ዋፋ በአንድ ቀን አሥራ አራት ጊዜ ስትነክራት ቆጥሬያለሁ። የእኛ ጥምቀት ታጥቦ ማለቁ የጊዜ ጉዳይ ነበር። አልጋ ላይ ሆኜ ሜቲን ሲኦል ውስጥ በሻሽ አየኋትና አለቀስኩ። ልትገለኝ የሞከረች ብትሆንም እህቴ ናት።

የማልኩት ስለመስመጡ እንጂ ስለዚህ አልነበረም። እሑድ በሰንበት ትምህርት አስተማሪያችን፣ «የጸሎት ርዕስ ያለው ልጅ?» ስትል እጄን አወጣሁ። አንዱ የታመመች ላም፣ ሌላው የጠፋ ጫማ አስመዝግቧል።

«እህቴ ሜቲ እስላም ሆና ስለተጠመቀች ጸልዩላት» አልኩ።

ጸለይን። አስተማሪዋ ከ«አሜን» በኋላ ሌላ ርዕስ አልተቀበለችም፤ ነጠላዋን እያጣፋች ወደ ትልቁ አዳራሽ ሮጠች።

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፓስተር በቃሉና አቶ ጅረኛ ቤታችን መጡ። አባ ደብተሩን ገልጦ ጠበቃቸው። ሜቲ በር አጠገብ ባለው ዱካ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጭኖቿ መሃል ቀብራለች። እኔ የእማ ቀሚስ ጥግ ይዤ ቆሜያለሁ፤ የምስክርነት ነገር ስለነበረብኝ ፊቴን ታጥቤያለሁ።

አቶ ጅረኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ ሜቲ፣ ያቺ ሴትዮ ውሃ ውስጥ ነክራሻለች የሚባለው እውነት ነው?»

«አዎ።»

«ስንት ጊዜ?»

«አልቆጠርኩም። በቀን አሥር፣ አሥራ አምስት።»

«ዋቃዮ!» ብላ እማ አምላኳን ጠራች።

ፓስተር በቃሉ ቀስ ብለው፣ «በማን ስም?» አሉ።

«በማንም ስም አይደለም፣ ፓስተር። ዋና እያስተማረችኝ ነው።»

አባ መጻፉን አቆመ። «ዋና? ዋናማ ትችያለሽ።»

«አልችልም ነበር።»

«ጥር ላይስ?»

ሜቲ ወለሉን እያየች፣ በቀጭን ድምፅ፣ «ጥር ላይ እየሰመጥኩ ነበር። ወጥቼ ስጮህ እናንተ እልል አላችሁ» አለች።

ፓስተር በቃሉ እጃቸው ሳይታወቃቸው ወደ ሸሚዛቸው አንገት ሄደ። ከዚያ አቶ ጅረኛ አንድ ጥያቄ አነሱ፤ ተጠማቂዋ በፍርሃት ውስጥ ከነበረች ጥምቀቱ ይጸናል ወይስ አይጸናም? ይህ እስከዛሬ በማይክሮፎን የተነገረውን ምስክርነት ሁሉ የሚነካ ነው። ፓስተሩ ይጸናል አሉ። አቶ ጅረኛ ለጥንቃቄ ቢደገም አሉ። ፓስተሩ ቅር ተሰኙ፤ «የእኔ እጅ ምን ጎደለው?» አሉ። አባ የሁለቱንም ሐሳብ በግራና በቀኝ እየከፋፈለ ጻፈ። ይህ ሁሉ ሲሆን ዋና የማትችል ልጅ አንድ የስምንት ዓመት ሕፃን ይዛ ክረምቱን ወንዝ መዋሏ ከሦስቱ ለአንዳቸውም ትዝ አላላቸውም።

ያስታወሳቸው የእማ ኦሮምኛ ነበር። «ልጄስ?» አለች ድንገት፣ ከተቀመጠችበት ተነስታ። «ዋና ሳትችል ነው ልጄን ይዛ የወረደችው? ቶሌራ ሰምጦ ያውቃል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሜቲም አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ የነበረውን አሁን አነብበዋለሁ፤ ያኔ የፈራች ጥፋተኛ ነበር የመሰለችኝ። ደግሞስ ሸንኮራው ከቆመ ሦስት ቀን ሆኖታል።

«አንድ ቀን ሰመጥኩ» አልኩ። «ሜቲ እግሬን ይዛ ወደ ታች ጎተተችኝ። ዋፋ ናት ያዳነችኝ።»

እማ ጮኸች። አባ እስክሪብቶውን ወደ ሜቲ አቀና። «እውነት ነው?»

«አባ፣ እኔ ከታች ሆኜ...»

«አዎ ወይም አይደለም በይ። እግሩን ይዘሽው ነበር?»

«አዎ፣ ግን...»

«ከውሃ ያወጣው ማን ነው?»

«ዋፋ።»

«በቃ» አለ አባ፤ ጻፈም። ዋፋን እንጠይቃት ያለ የለም። ከቤታችን እስከ ወንዙ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ ግን ስብሰባው የቤተሰብና የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ነው፤ የውጭ ሰው በምን አግባብ ይገባበታል?

ውሳኔው እንዲህ ሆነ። ሜቲ ለሦስት ወር ከጌታ እራት ታገደች፤ ለምን እንደታገደች እስከ ዛሬ ያብራራልኝ የለም። አሶሳ መሄዷ ለአንድ ዓመት ብቻ እንዲቆይ ተወሰነ። በደብተሩ ላይ «ደካማ ጎን» በሚለው ሥር አባ ስምንት መስመር ጻፈ፤ «ጠንካራ ጎን» በሚለው ሥር ሰረዝ አሰመረ። ሜቲ ስታለቅስ ድምፅ አልነበራትም። እኔ ደግሞ እውነት ተናግረው አፍረው የማያውቁ ሰዎች የሚሰማቸው ዓይነት ኩራት ተሰማኝ።

የእኔ ወንዝ መውረድ ግን አልቆመም፤ መምራት እንጂ መከልከል መፍትሔ አይደለማ። ሌላ ኃላፊ ተመደበ፤ የአቶ ጅረኛ ልጅ ዋቅሹማ። ሃያ ዓመቱ ነው፣ መዘምር ነው፣ ከሁሉ በላይ ተጠምቋል። ዋና ይችል እንደሆነ የጠየቀው የለም። ከማንጎው ሥር ተጋድሞ ሲያንኮራፋ ነበር የሚውለው፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው ለእሱ ነው። በዚያን ጊዜ ከመላው ቤተ ክርስቲያናችን እንደ ዓሣ የምትዋኝ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ዋፋ ሠርታ ጨርሳታለች። እሷን ወንዝ ዳር እንዳትደርስ ከለከልናት።

የሜቲ ውጤት ነሐሴ ላይ መጣ። አልፋለች። ሁለቱ ጓደኞቿ ፍራሻቸውን አይሱዙ ላይ ጭነው ሲሄዱ ሜቲ ከእማ ጋር ገበያ ሽንኩርት ላይ ተቀምጣ ነበር። እንደማንኛውም «ለአንድ ዓመት ብቻ» ሦስት ዓመት ሆነ። አሶሳ የገባችው በአሥራ ስምንት ዓመቷ፣ ከእሷ በሦስት ዓመት ከሚያንሱ ልጆች ጋር ነው። ዛሬ ቶንጎ ውስጥ አዋላጅ ናት። እኔ አሶሳ እኖራለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ።

ይህን ታሪክ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ሳስቅበት ኖሬያለሁ። በሠርግ ላይ አውርቼዋለሁ፤ በለቅሶ ቤት በሦስተኛው ቀን አውርቼዋለሁ። ሜቲ ራሷ ባለችበት ሳይቀር «ይቺ እህቴ እኮ ልታሰምጠኝ ነበር!» እያልኩ አውርቻለሁ። ትስቃለች። እሷን ሲኦል ውስጥ በሻሽ ያየሁበት ቦታ ላይ ሰው ወንበር ይዞ ይስቃል። ጥምቀት ዋና እንደማያስተምር ሳድግ አውቄያለሁ፤ ዋፋ ዋና እንጂ ሃይማኖት እንዳላስተማረች ካወቅኩ ቆይቷል። እኔ የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ወር እሑድ ምሳ ላይ ነው። የአሥራ አራት ዓመቱ የጎረቤቴ ልጅ፣ የእኔን ልጅ ኢልሊን ይዟት ዋና ሊሄድ ፈቃድ ጠየቀኝ። ከመወሰኔ በፊት ለሁለቱም ታሪኩን አወራሁላቸው፤ እጄን እያወናጨፍኩ፣ «ሜቲ ልትገለኝ ነው! ኡኡ!» እያልኩ። ልጁ ሳቀ። ባለቤቴ ስንት መቶ ጊዜ የሰማችውን ሳቀች። ኢልሊ አልሳቀችም። ሰባት ዓመቷ ነው፤ አባቷ የሚናገረውን ነገር ሁሉ ታምናለች፤ ችግሩም ይኸው ነው።

«አባ፣ ወደ ታች እየጎተተችህ እንዴት ጮህክ?» አለች። «አፍህ ውስጥ ውሃ አይገባም?»

«ገብቷል እኮ...»

«ዋፋ ስትሮጥ አይቻለሁ አልክ። አሸዋው ሲደፋም አየሁ አልክ።» ጉርሻዋን ዋጠች። «ራስህ ውጭ ነበር እንዴ?»

እጄ አየር ላይ ቀረ። ራሴ ውጭ ነበር። ጮኼያለሁ፤ ተንፍሼያለሁ፤ ከዳር ያለውን ሰው አይቻለሁ። ከወገቤ በላይ ያለው አካሌ ከውሃው ውጭ ነበር። ዋና የማልችል የስምንት ዓመት ልጅ፣ መሬት በሌለው ኩሬ መሃል፣ ምን ላይ ቆሜ ነው እንደዚያ የጮህኩት? ሜቲ ከውሃው በላይ ታይታኝ አታውቅም። እጆቿ ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ከታች።

ምሳዬን ትቼ ወደ ግቢው ወጣሁ። ቶንጎ ደወልኩ። ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ተቆረጠብኝ፤ በአራተኛው አነሳች።

«ሜቲ፣ ያን ቀን መሬቱ ላይ ቆመሽ ነው?»

«የቱን ቀን?»

«ኩሬው ውስጥ። ዋና አትችይም ነበር። ታዲያ መሬቱ ላይ ቆመሽ ነው ወደ ላይ የያዝሽኝ?»

ከጀርባዋ አንድ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል። «መዋኘት ስለማልችል በእግሬ ሄድኩ» አለች። «ዝም ብዬ እየተራመድኩ ገባሁ። ውሃው ራሴን ሲያልፍ እግርህን አገኘሁት።»

«ለምን አልተናገርሽም? እንዲያ ሲፈርዱብሽ?»

«ጀምሬ ነበር እኮ። አባ በአጭሩ መልሺ አለኝ።»

ሦስት ዓመቷን አሰብኩ። የሠርጉን ሳቅ ሁሉ አሰብኩ። ማልቀሴን እንዳትሰማ ስልኩን ከአፌ አራቅኩት፤ ሰማችኝ።

«ቶሌ፣ ተው በቃ። ልጅ ነበርክ።»

«ረገጥኩሽ» አልኳት። «ራስሽን እረግጥ ነበር። እየያዝሽኝ ራስሽን እየረገጥኩ ነበር።»

«አዎ» አለች። «ከታች ሆኜ ምንም አላይም፤ ደፍርሷል። ትንፋሼ አልቆ ነበር። አንተ ስትራገጥ ግን፣ እዚያ ላይ አየር አግኝቷል፣ በሕይወት አለ እላለሁ። አንድ ጊዜ መርገጥህን አቆምክ። ያኔ ብቻ ነው የፈራሁት።»